ለእርቅ ተወስዳ በዚያው ለቀረችው ዚምቦ

ለክቡር ጋሽ ዳልጮ፣
የመንደራችን ሽማግሌዎች ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ አውራ ጣቶችዎ እንዴት ሰነበቱ? ለዓይንዎም ብርታት እመኛለሁ፤ የዚምቦ መስኮት ጠባብ ናትና።

ለማያውቅ አንባቢ፣ ዚምቦ በእጅ የምትያዝ፣ ከአዞ የሚያመልጡባት ጌም ናት። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ገበያ ሲሻሙ መሐላቸው ገብታ ተረገጠች፤ ሠሪዋም ከስሮ ዘጋ። በአርባ ምንጭ ከእኔ በቀር ያላት የለም። ይቅርታ፣ ከእርስዎ በቀር።

እኔና ጎረቤቴ ሲሳይ «ተራው የኔ ነው» ተባብለን ስንያያዝ፣ እርስዎ እርጥብ ሣር ይዘው መሐላችን ቆሙ። በጋሞ ምድር ሣር የያዘ ሽማግሌ ከቆመ ጦርም ይቆማልና፣ እኛም ቆምን። የተጣላንባትንም ዕቃ እስክንታረቅ በአደራ ወሰዱልን። ጌታ ይባርክዎ። ቅሬታዬ ግን የሚከተለው ነው፦

፩. እኔና ሲሳይ ያኔውኑ፣ ገና ሳይመሽ፣ ታርቀን አንድ ሙዝ ተካፍለናል። እርስዎ ግን «ቂም ከሆድ እስኪወጣ ይቆይ» እያሉ ሽምግልናውን ከሳምንት ሳምንት ያሸጋግሩታል። አሁን በሆዳችን ያለው ቂም ቢኖር በእርስዎ ላይ የያዝነው ብቻ ነው።

፪. «ይህች የልጅ ጊዜ የምትበላ!» ብለው በአደባባይ ገሥጸውናል። እኛ እንድንተርፍ የራስዎን ጊዜ ስላስበሉልን ውለታዎ አለብን። ትናንት ከአቮካዶው ሥር «የጫሞ አዞ እንኳ እንዲህ አይቸኩልም!» ብለው ሲጮኹ፣ ለመንገደኛው ሁሉ «ዓሣ አጥማጆችን እየመከሩ ነው» ብዬ ገመናዎን ሸፍኛለሁ።

፫. ይህኛው ቀልድ የለበትም። ዚምቦ ውስጥ የእህቴ የሃና ሪከርድ አለ። ጎንደር ለትምህርት ስትሄድ «ለፋሲካ ስመጣ በልጠኸኝ ልይ፣ አንተ ሰነፍ» ብላኛለች። የሬዲዮዎን ድንጋይ እየነቀሉ እንደሚከቱላት ሰምቻለሁ፤ ድንጋዩ ውስጧ እንዳለ አልቆ ከሞተ ግን ሪከርዱም አብሮ ይሞታል። ሌላ ዚምቦ ደግሞ አልተሠራም፤ አይሠራም። ፋሲካም ደረሰ።

ከሣርዎ ሥር በአክብሮትም በንዴትም የተንበረከክሁ፣ ምርቃትዎን ሳይሆን ዕቃዬን የምጠብቅ የመንደርዎ ልጅ፣
ኢሳያስ

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎን እትዬ ጌጤን ልከው፣ «ለአንድ ዘመድ ነው» አስብለው፣ የዚምቦን አዞ ማለፊያ ዘዴ እኔን አስጠይቀዋል። ዘዴውን አውቀዋለሁ። በአንድ እጅዎ ዚምቦን፣ በሌላው እርጥብ ሣር ይዘው ይምጡ፤ እኔና ሲሳይ ሽማግሌ ሆነን ተቀምጠን እንጠብቅዎታለን። ቂም ከሆዳችን ካልወጣ ግን፣ እንደ ደንቡ፣ ለሳምንት እንቀጥርዎታለን።