የፈረሰኛው ነገርና የምርቃትሽ ሁለት ወንበሮች

ይድረስ ከአገር ርቀሽ ሐዋሳ ለከተምሽው፣ ለምወድሽ፣ ለምሳሳልሽና ሳልደብቅ ለምቀናብሽ እኅቴ ለፍሬሕይወት ዳኛቸው።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ከማንበብ ብዛት ዓይንሽን አላመመሽም? የቆላው ሙቀትስ ተስማማሽ? የሐይቁ ትንኝስ ተወሽ? እኛ ለቸሩ መድኃኔዓለም ምስጋና ይግባውና ሁላችንም ደኅና ነን። ጉና እንደ ልማዱ ጭጋጉን ተከናንቦ ተቀምጧል። ክረምቱ ገብቷል፣ ላሚቱ ወልዳለች፣ አባባን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሕመሙ ግን እስከ ምላሳቸው አልደረሰም። እኔም ከቅናት በቀር ሌላ በሽታ አልተገኘብኝም። እሱንም ጠበል ተጠምቄለት እምቢ ስላለኝ፣ መድኃኒቱ አንቺው ዘንድ ይሆናል ብዬ ነው ይህን መጻፌ።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ትዪ ይሆናል። በስልክ ስቀና ኔትወርኩ ይቆረጣል፤ ቅናት ደግሞ መሀል ላይ ሲቆረጥ ያንቃል።

እንደምታውቂው ከኩዌት ከተመለስኩ ወዲህ ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በር ፊት ለፊት፣ ከባጃጆቹ መቆሚያ ጎን፣ ድንች እየጠበስኩ እሸጣለሁ። ተማሪዎቹ ድንቹን ሚጥሚጣ እያስነኩ ስለ ፈተና ያወራሉ። አንዷ «ይኼ መምህር ጨረሰኝ!» ብላ ስታማርር፣ እኔ ድንቹን እያገላበጥኩ «ምነው እኔን በጨረሰኝ» እላለሁ በሆዴ። ሰው በሀብት ይቀናል፣ በባል ይቀናል፤ እኔ በሰው ፈተና እቀናለሁ። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ «ለሴት ይበቃል» የተባልኩ ጊዜ አንቺ ገና ጥርስሽን ትቀይሪ ነበር። ያንቺ ተራ ሲደርስ ያ «ይበቃል» የት እንደገባ እንጃ፤ እኔ ላይ አልቆ ይሆናል።

የምትማሪው ሕክምና ወይም ምሕንድስና ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልነደድኩ። የማላውቀው ነገር አያስቀናኝም። አንቺ ግን የያዝሽው የሴቶች ጥናት ነው። እኔ ከንጋት ጀምሬ ስሆነው የምውለውን ነገር አንቺ ወንበር ስበሽ ታነቢዋለሽ። እኔን ወገቤን ያመኛል፤ አንቺን ዲግሪ ያሰጥሻል።

አባባ እንኳ መጀመሪያ አፍረውብሽ፣ ለሰንበቴ ማኅበርተኞቻቸው «ሕግ ነው የምታጠናው» ይሉ ነበር። ኋላ ጎረቤታችን ጋሽ ሀብታሙ የድንበር ክርክራቸውን ይዘው «እስቲ ልጅዎ ታማክረኝ» ብለው ሲመጡ ጉዱ ወጣ። አባባ መሬት መሬት እያዩ «ስለ ሴቶች ነው የምትማረው» አሉ። ጋሽ ሀብታሙም ጢማቸውን እያሻሹ፣ «እኔ ሦስት ሚስት አግብቼ ፈትቼ አንዷም አልገባችኝ፤ ይቺ ልጅ በአራት ዓመት ጨርሳቸው ልትመረቅ ነው? በሉ ይቺስ ጎበዝ ናት!» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ አባባ አይደብቁሽም። እንዲያውም ሳይጠየቁ ይናገራሉ፤ እኔም ሳልጠየቅ እቀናለሁ።

አሁን ወደ ቁስሌ ልምጣ። ፋሲካን ልትውዪ የመጣሽ ዕለት የሆነውን ረስተሽው ይሆናል፤ የበላ ይረሳል፣ ያየ ግን አይረሳም። አውራ ዶሮውን ሴት ከባረከችው አይበላምና ወንድማችን ፋንታው ከተኛበት ተቀስቅሶ፣ ቢላውን አንዴ አሳርፎ፣ ተመልሶ ተኛ። የቀረውን፣ መንጨቱን፣ መለብለቡን፣ በሎሚና በጨው ማጠቡን፣ ብልት ማውጣቱን፣ ሽንኩርት ማቁላላቱን፣ እኔና እናታችን ያዝነው። አንቺም መቃኑን ተደግፈሽ «ይኼ እኮ በጾታ የተመሠረተ የሥራ ክፍፍል ይባላል» ብለሽ አስረዳሽን። እውነትሽን ነው። ክፍፍሉ በጣም ግልጽ ነበር፦ እኛ ሠራን፣ አንቺ አስረዳሽ፣ ፋንታው ተኛ።

ገበታው ሲቀርብ እናታችን እንደ ሁልጊዜው ፈረሰኛውን ለአባባ አወጣች። መቼም የዶሮ ጀርባ የአባወራ ነው፤ በዚህ ቤት ከእሳቸው በቀር የቀመሰው የለም። አባባ ግን ያንን ፈረሰኛ በሁለት ጣታቸው አንሥተው «ይኼስ ለተማሪዋ ይገባል» አሉና ካንቺ ፊት አኖሩት። አራት ዓመት ስለ እኩልነት የተማረች ልጅ እኩል ታካፍለን ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። አጥንቱን ስትመጥጪ ሰማሁሽ እንጂ ምንም አልደረሰኝም። ለእናታችን አንገቱ፣ ለኔ ክንፉ። ክንፍ የተሰጠኝ እንድበር አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁመኝ! ለጎረቤት አወራሁ፣ ለባጃጅ ነጂ አወራሁ፣ ድንች ለሚገዛኝ ሁሉ ከሚጥሚጣው ጋር ጨምሬ አወራሁ። አጠገቤ ሽንኩርት የምትሸጠው ውዴ «አንቺ ልጅ፣ ለአንድ የዶሮ ጀርባ ብለሽ ልትሞቺ ነው?» አለችኝ። ጀርባው የዶሮ ነው፣ የነደደው ግን የኔ ሆድ ነው አልኳት።

እንዲህ ስነድ የምርቃትሽ ወሬ መጣ። ለአንድ ተመራቂ ሁለት እንግዳ ብቻ ይገባል ብለሽ ደወልሽ። አባባ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ «እኔና ፋንታው እንመጣለን» አሉሽ። ወደኛ ዞረውም «እናንተ ከብቱን ታያላችሁ፤ በረቱን ማን ይጠርገዋል ታዲያ?» አሉ። ልብ በይልኝ እንግዲህ! የሴቶች ጥናት ሲመረቅ ሁለት ወንዶች ሐዋሳ ወርደው ሊያጨበጭቡ፣ ሁለት ሴቶች ደብረ ታቦር ቀርተው እበት ሊዝቁ! ፋንታው ከዚያች ቀን ጀምሮ ጫማውን ጠዋትና ማታ ይወለውላል፤ የምትማሪውን ትምህርት ስም ግን እስከ ዛሬ አይዘውም። እናታችንን «ኧረ አንድ ነገር በይ!» ብዬ ወተወትኳት። ቀና ብላ አየችኝና ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

የሐዋርያት ጾም የተፈታ ዕለት፣ በሐምሌ አቦ፣ ዶሮ ተሠራ። የንስሐ አባታችን ቄስ ይሻው ገበታውን ባርከው ከአባባ ጎን ተቀመጡ። እናታችን ድስቱን አቀረበችና ጭልፋዋን ነከረች። እግር ወጣ፣ መላላጫ ወጣ፣ ክንፍ ወጣ፣ አንገት ወጣ፣ እንቁላሉም ተንከባሎ ወጣ። ፈረሰኛ የለም። አባባ እየጠበቁ ነው። ቢጠብቁ የለም። በመጨረሻ ጭልፋውን ከእጇ ተቀብለው ራሳቸው ድስቱን ይቆፍሩ ጀመር። በዚህ ቤት ወንድ ጭልፋ ሲይዝ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ ለመምህራንሽ ብትነግሪያቸው ነጥብ ሳይጨምሩልሽ አይቀሩም።

ድስቱ ባዶ ሲሆን ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ከፋሲካ እስከ ሐምሌ ፈረሰኛ ፈረሰኛ ስል የከረምኩ እኔ ነኛ! ፋንታው «ሌባዋንማ አገር ያውቃታል» አለ። አባባ «ዝናሽ፣ የት አደረስሽው?» አሉ። ቄስ ይሻውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ንስሐ አለና አትፍሪ» አሉኝ። አቦን ምስክሬ አደርጋለሁ፣ እኔ አልበላሁትም። ግን አልበላሁም ማለቱ አሳፈረኝ። ያን ሁሉ ለፍልፌ እንዴት ሳልበላው ቀረሁ? በልቻለሁ ልበልና ክብሩ እንኳ ይትረፈኝ ብዬ አፌን ስከፍት፣ እናታችን እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ «እኔ ነኝ የበላሁት» አለች።

ፍሬ፣ አባባ «ምን አልሽ?» አሉ። «ሳማስል አወጣሁት፣ ቀዝቀዝ ሲል በላሁት። ጨው አንሶታል» አለች። ቄስ ይሻው በጥሞና አስበው «ከቅዳሴ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለው ጠየቋት። «ከቅዳሴ መልስ ነው አባቴ።» «እንግዲያ ጾም አልገደፈችም፤ ነገሩ የባልና ሚስት ነው» አሉና እንቁላላቸውን ቆረሱ። ፍርድ ቤቱ በዚሁ ተዘጋ።

እናታችን ግን አልጨረሰችም። ቀስ ብላ፣ ወጥ ቅመሱ በምትልበት ድምፅ፣ እንዲህ አለች፦ «ከተዳርኩ ጀምሮ እያወጣሁ ሳቀርበው ጣዕሙን አላውቀውም። ልጄ ስትበላው አየሁና አማረኝ። ምርቃቷም አምሮኛል። እሱን ደግሞ ከድስት አላወጣው ነገር፣ ሄጄ ላየው ነው። ዝናሽ ኩዌት ድረስ ሄዳ የተመለሰች ናት፣ እሷ ትወስደኛለች። በረቱን ፋንታው ይጥረግ።»

ፋንታው ጫማውን አየ። አባባ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ መለሱት። ተቆጡ ስንል፣ «ለመሆኑ ጣፈጠሽ?» አሏት። «አጥንት ነው» አለች። «አጥንትማ ነው!» አሉ አባባ፣ «እኔስ ይኼን ዘመን ሁሉ ዝም ብዬ ስግጠው የኖርኩት አጥንት አይደል?» ብለው ሲስቁ የንስሐ አባታችን ትን አላቸው። ሳቃቸውን ሲጨርሱ «ሂዱ በሉ። ጉልበቴም ያን ሁሉ መንገድ አይችለው» አሉ። ጉልበታቸው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይችል እንደነበር ላስታውሳቸው ፈልጌ ተውኩት።

አሁን ቅናቴ ወዴት እንደዞረ ገባሽ? አንቺ ላይ መቅናቱ ሳያንሰኝ እናቴ ላይ ጀመርኩ። እኔ ስንት ወር ለፈለፍኩ፤ እሷ አንዴ ጎረሰች፣ ነገሩ አለቀ። ዝም አይነቅዝም ማለት ይኼ ነው። ዲግሪውን ለእሷ በሰጧት ብዬ ነበር፤ ግን በአንድ ቤት ፈረሰኛውንም ዲግሪውንም ለእሷ ማድረግ ለኔ ጤና አይሆንም፣ ያንቺው ይሁን።

እናታችን በሕይወቷ ከሐሙሲት ገበያ ማዶ አላለፈችም። ነጠላዋን አጥባ አጥፋ ሞሰብ ላይ አስቀምጣለች፤ ማንም እንዳይነካው ታዛለች። ፋንታው በረት መጥረግ ይለማመዳል፤ አፍንጫውን በፎጣ አስሮ ሲገባ ጎረቤት ሥራ ፈትቶ ያየዋል። መንገዱን እግዜር ያቅናልን እንጂ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ እንነሣለን።

አንቺንም ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። አንደኛው፣ ካባሽንና ቆብሽን ለአንድ ፎቶ ታውሺኛለሽ። አታንገራግሪ፤ ፈረሰኛውን ስትበዪ አላንገራገርሽም። ሁለተኛው፣ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽና በሆድሽ ያዢው። በመስከረም የማታ ትምህርት ልገባ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ ካቆምኩበት። ድንቹን እስከ አመሻሽ ሸጬ ምጣዱን ለውዴ አደራ እሰጣለሁ። ጎበዝ እንዳትዪኝ፣ ጉብዝና አይደለም። ያቺ ተማሪ «መምህሩ ጨረሰኝ» ስትል እኔም «የኔስ ብታዪው!» ለማለት ብቻ ነው። የፈራሁት ነገር ቢኖር ሒሳብ ነው። ስመጣ ታስረጂኛለሽ፤ ያን ጊዜ መቃን ተደግፈሽ ሳይሆን አጠገቤ ቁጭ ብለሽ።

አባባ «ስትመረቂ ቀጥ ብለሽ ቁሚ» ብለው ሰላም ብለውሻል። እናታችን ብዙነሽ እንደ አገሩ ወግ ጉንጭሽን ትስምሻለች፤ የቀረውን ራሷ ይዛው ትመጣለች። ፋንታው ሰላም ብሎሻል፤ የተወለወለው ጫማም ሰላም ብሎሻል። ቄስ ይሻው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለዋል፤ ምን እንዳጠፋሽ አልነገሩኝም። ጋሽ ሀብታሙ «ስትመረቂ፣ ስለ ሴቶች የተገኘውን ላኪልኝ» ብለዋል። ውዴም ሰላም ብላለች። የመኝታ ክፍል ጓደኞችሽን በኔ ስም ሰላም በይልኝ፤ በእነሱም እቀናለሁ።

ሰው ሲመርቅ «ምቀኛ አያሳጣሽ» ይላል። አንቺስ አላጣሽም፣ ያውም ከገዛ ቤትሽ። ስለዚህ ሁለቱን ወንበር ከፊት በኩል ያዢልን፤ አንዱ ለእናትሽ ነው፣ አንዱ ለምቀኛሽ።

ቅናቷ የማያልቅ እኅትሽ
ዝናሽ ዳኛቸው
ደብረ ታቦር፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.