በእሳት ሠርተው እሳት የፈሩት ዮግራጅ ሱድ

አጎታችን አቶ ዮግራጅ ሱድ ከአባታቸው ከመምህር ሀርባንስ ላል ሱድ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሺላ ዋንቲ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1974 እዚሁ ሰሜን ሕንድ፣ አምባላ ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አባታቸው የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ስለገቡ ቤትም ክፍልም የሚቆጧቸው እኒያው አንድ ሰው ነበሩ። በአሥራ አንድ ዓመታቸው የስኳር በሽታ ተገኘባቸው። ከዚያ በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት በመርፌ ኖሩ፤ በየሠርጉ የሚቀርበውን ጣፋጭ፣ ጃሌቢውንም፣ በዓይናቸው ብቻ በሉ።

እ.ኤ.አ. በ1992 ከከተማችን የላቦራቶሪ ዕቃ መሥሪያዎች በአንዱ ተቀጥረው መስታወት በእሳት እያለዘቡና እየነፉ ቱቦና ጠርሙስ መሥራት ተማሩ። ጣታቸው ተቃጥሎ «ምን ሆኑ?» ሲባሉ «ምንም፣ ሞቅ አለኝ» የሚሉ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከወይዘሮ ሳሮጅ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ፣ ጋሪማን፣ ወልደዋል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ስኳሩ ሁለቱንም ኩላሊታቸውን ጨረሰ። ሁለት ዓመት ያህል በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸውን በማሽን አሳጠቡ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ከቻንዲጋር ሆስፒታል ተደውሎ ኩላሊትም ቆሽትም ከአንድ ሰው ተገኝቷል ተባሉ። ሰው የተባለችው ከጣሪያ ወድቃ የሞተች የሦስት ዓመት ከአራት ወር ልጅ ነበረች፤ ስሟ ታንቪ።

ሐኪማቸው ዶክተር ካሊያ ምንም አልሸሸጓቸውም። «የደም ሥሮቿ ክር ያህላሉ። ደም ከረጋባቸው ሁሉንም በአንዴ እናጣለን። ከዚህ ዕድሜ መውሰድ ብዙ ሐኪም ይፈራል» አሏቸው።

«እርስዎስ?»

«እኔማ በጣም እፈራለሁ። ፈሪ ሰው ግን ሲሰፋ ይጠነቀቃል።»

ሁለቱም ኩላሊቶቿና ቆሽቷ ተሰፉላቸው። በሦስተኛው ቀን መርፌው ቀረ፤ ፍርሃቱ ግን አልቀረም። ለወራት የመንገድ ጉብታ ባዩ ቁጥር ከባጃጅ ወርደው፣ ሆዳቸውን ደግፈው በእግራቸው ይሻገሩና እንደገና ይሳፈሩ ነበር። አንድ ሾፌር «ባቡ ጂ፣ እርጉዝ ነዎት እንዴ?» ቢላቸው «ከዚያ ይብሳል» አሉት።

እ.ኤ.አ. በ2014 ሆስፒታሉ የአካል ለጋሽ ቤተሰቦችን ባመሰገነበት ቀን የታንቪን እናት፣ ወይዘሮ ሳንቶሽ ዴቪን፣ አገኙ። እናትየዋም የአቶ ዮግራጅን ሆድ በእጃቸው ዳበስ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «እኛ ዘንድ ሕፃን ለእሳት አይሰጥም። እኔም ልጄን ቦዩ ዳር ቀበርኳት። የቀረውን እርስዎ ይጠብቁልኝ።»

አጎታችን ከዚያ ቀን ወዲያ እንቅልፍ አልነበራቸውም። በእኛ ወግ አዋቂ ሰው ይቃጠላል፤ ሕፃን ይቀበራል። ታዲያ እሳቸው የሞቱ እንደሆነ፣ እናቷ ከእሳት የሸሸገቻትን ልጅ እሳቸው ይዘዋት ሊገቡ ነው። ሥራ ቦታ እንኳ መስታወት ማለዘቢያውን እሳት ሲለኩሱ ወደ ጎን ዞረው፣ ሆዳቸውን ከልለው ሆነ።

የቤተ መቅደሱን ካህን፣ ፓንዲቱን፣ ቢጠይቁ «አንዴ ከገባ የአንተ ሥጋ ነው፣ ልጄ» አሏቸው። ሁለተኛው ፓንዲት «ከባድ ነገር ነው» ብለው ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ዶክተር ካሊያን «ስሞት ታወጡልኛላችሁ?» ቢሏቸው ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ። ወይዘሮ ሳሮጅ ግን አምርረው «የጋሪማ አባት! ሳይሞቱ ስለ ማገዶ ያወራሉ? አርፈው ሩዝዎን ይብሉ!» ይሉ ነበር። በመጨረሻ «ቅበሩኝ» የሚል ወረቀት ጽፈው ፈረሙበት። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ሶምናት ወረቀቱን አንብበው «ከሱድ ቤት ማን ተቀብሮ ያውቃል? ሰፈሩ ምን ይለናል?» ብለው ጮኹ፤ ወረቀቱን ግን አልቀደዱትም።

አቶ ዮግራጅ በሳንባ ምች ታመው በተወለዱ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 2023 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ያስጨነቃቸው የራሳቸው ሞት ሳይሆን የማገዶው ነገር ነበር።

አስከሬናቸው ሁለት ቀን በበረዶ ቆየ። ግማሹ ዘመድ «ይቃጠሉ»፣ ግማሹ «ይቀበሩ» ሲል፣ ጋሪማ «የልጅቱ እናት ይጠየቁ» ብላ ወይዘሮ ሳንቶሽን አስጠራች። እሳቸውም ትናንት መጥተው ወረቀቱን አስነበቡ። ቀጥሎ የጠየቁት ማናችንም ያላሰብነውን ነበር፦ «ኩላሊቶቹ አድገው ነበር?»

ወይዘሮ ሳሮጅ ሟቹ አምና የተነሱትን የምርመራ ውጤት አመጡ። የአዋቂ ሰው ኩላሊት አክለዋል ይላል።

ወይዘሮ ሳንቶሽ በጣታቸው ቆጠሩ። «በሐምሌ አሥራ ሦስት ሞልቷታል» አሉ። «ቦዩ ዳር የተኛችው ሕፃን ናት። ይቺኛዋ ግን አድጋለች፤ ትልቅ ልጅ ደግሞ አይቀበርም። ከእርሳቸው ጋር ትሂድ።» ይህን ብለው ማልቀስ ጀመሩ። አቶ ሶምናትም አብረዋቸው አለቀሱ።

አቶ ዮግራጅ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሳሮጅን፣ ልጃቸውን ጋሪማንና ወንድማቸውን አቶ ሶምናትን ትተው ሄደዋል፤ በራሳቸው ፈቃድ ወይዘሮ ሳንቶሽ ዴቪንም ከቤተሰቡ ቆጥረናል። ይህ ሲነበብ ማገዶው ገና አልተለኮሰም። ትክክል እንደሆንን አናውቅም፤ ሁላችንም ፈርተናል። ችቦውን ጋሪማ ትይዛለች፤ ክርኗን ወይዘሮ ሳንቶሽ ይደግፋሉ።

ፈጣሪ የአቶ ዮግራጅን ነፍስ ያለ ፍርሃት ያሳርፍልን፤ ታንቪንም እጇን ይዞ ከእሳቱ ማዶ ያሻግርልን።