የ«ተራ ቁጥር አራት» የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው አባታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ወንዝ ዳር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከሰባ አንድ ዓመት በፊት ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። በዘጠኝ ወራቸው እንደቆሙና ከዚያ ወዲያ እንዳልተቀመጡ እናታቸው ይናገሩ ነበር፤ እኛም ብንሆን ቁጭ ብለው ያየናቸው ጫማ ሲያስሩ ብቻ ነው።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው በዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። ሥራቸው ሰብል ያጠፋ ወይም ቤት ያስቸገረ እንስሳ እንዲያዝ ወይም እንዲገደል ለሚያመለክቱ ሰዎች ፈቃድ መስጠት ነበር፤ መከልከል ነበር ማለት ግን ይቀላል። ማመልከቻው ተራ ቁጥር አራት ላይ «ለመግደል ፈቃድ ከመጠየቅዎ በፊት ምን ሞከሩ?» ይላል። ይህ ቦታ ባዶ ከሆነ አባታችን ወረቀቱን አጥፈው ይመልሱታል፤ አለቃም መጣ ጎረቤት ለውጥ የለውም። መርዝ ያስቀመጠውን ይከሳሉ። ወጥመድ ዘርግቶ በየቀኑ ሄዶ ያላየውንም ይከሳሉ። የትምህርት ቤት ጣሪያ ውስጥ የሌሊት ወፎች ሲወልዱ፣ ልጆቻቸው መብረር እስኪጀምሩ ቀዳዳው አይደፈንም ስላሉ ርእሰ መምህሩ አንድ ወር ሙሉ ቢሯቸው ውስጥ ከኩሳቸው ለመከለል ጃንጥላ ዘርግተው ሠርተዋል። ከተማው «ተራ ቁጥር አራት» ብሎ ስም አወጣላቸው። እኛንም «የአራት ልጆች» ይሉን ነበር፤ ሦስት ነን ብንል የሚሰማን አልተገኘም።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው በዚያው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ከነበሩት እናታችን ጋር ትዳር መሠረቱ። እናታችን ሲቆጡ «ከመጮህሽ በፊት ምን ሞከርሽ?» ይሏቸው ነበር። የእናታችን መልስ እዚህ የሚነበብ አይደለም።

ታላቅ ወንድማቸው ገበሬ ናቸው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ከርከሮ የድንች ማሳቸውን ገለባበጠው። አባታችን ሁለት ቅዳሜ እዚያው ድረስ ሄደው፣ ከወንድማቸው ጋር ቆርቆሮ ደበደቡ፣ እሾህ አጠሩ። ከርከሮዎቹ ከቁብ አልቆጠሯቸውም። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ አጎታችን ማመልከቻ ይዘው ቢሮ መጡ፤ ተራ ቁጥር አራት ባዶ ነበር።

«ምን ብዬ ልጻፍ? አብረን አይደል እንዴ ያባረርነው?» አሉ።

አባታችን ደንቡ ለዘመድ መመስከርም መፈረምም እንደማይፈቅድ ነገሯቸው። ይህ እውነት ነው። ወረቀቱን ለሌላ ሠራተኛ ማስተላለፍ፣ ወይም እስክሪብቶ ማቀበል ግን የትኛውም ደንብ አይከለክልም። አባታችን አጥፈው መለሱላቸው። አጎታችን ጠረጴዛው ላይ ጥለውት ወጡ፤ በዚያው ሳምንት ያለ ፈቃድ ተኮሱ። የክሱን ደብዳቤ የጻፉት አባታችን ናቸው። ለዘመድ መፈረምን የሚከለክለው ደንብ ዘመድን መክሰስ አይከለክልም ኖሯል። ጠመንጃው ተወረሰ፤ ወንድማማቾቹም ተኮራረፉ።

ከዚያ ወዲያ የአባታችን አለመቀመጥ ጭራሽ ባሰ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጫማቸውን አስረው ይወጣሉ። የት እንደሚሄዱ ስንጠይቃቸው «እግሬን ላፍታታ» ይላሉ። እስከ ወንድማቸው በር ደርሰው፣ እጃቸውን መዝጊያው ላይ አሳርፈው፣ ሳያንኳኩ እንደሚመለሱ የነገሩን የአጎታችን ባለቤት ናቸው። በመስኮት ያዩዋቸው ነበር። አጎታችንም ያዩ ነበር። ይህን የጻፈችው ታላቅ ልጃቸው በሁለቱም ግትርነት እስከ ዛሬ ትናደዳለች።

ባለፈው ዓመት ልባቸውን ታመሙ። ሐኪሙ ተኝተው እንዲያርፉ አዘዟቸው፤ እርሳቸው ግን ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር ይሉ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት የጠረጴዛቸውን መሳቢያ አስከፍተው ያንን ማመልከቻ አወጡ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አስቀምጠውታል። ተራ ቁጥር አራት ላይ «ቆርቆሮ ደበደበ። እሾህ አጠረ። እኔም አብሬው ነበርኩ» ብለው ጻፉ። አልፈረሙበትም፤ ለዘመድ አይፈረምማ። ለታላቅ ልጃቸው ሰጥተው «አድርሺልኝ» አሉ።

አጎታችን በራቸው ላይ ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ገቡና ጫማ ቀይረው ወጡ። አባታችን ክፍል ሲደርሱ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

«ከርከሮዎቹ ዘንድሮም መጥተዋል» አሉ።

«ከሥር ነው የሚገቡት፣ ጋሼ» አሉ አባታችን። «አጥሩ ከሥር ይቀበር።»

ያን ቀን ያወሩት ስለ አጥር ብቻ ነበር። አባታችን አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነሱ መሸ። እኛ በር ላይ ቆመን አለቀስን። አጎታችን ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልቀሩም።

አባታችን ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ እጃቸው በወንድማቸው እጅ እንዳለ፣ ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ማመልከቻው አሁን በአጎታችን ኮት ኪስ ውስጥ ነው።

ዕድሜ ልካቸውን ማረፍ ያላወቁትን አባታችንን ፈጣሪ ያሳርፍልን። እስከ በር ደርሰው መመለስ ልማዳቸው ነውና፣ በሩን ከውስጥ ይክፈትላቸው።