መቀርቀሪያ የሌለው በር

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፤ ሰላምታዬ በሰው አገር እስከምትሠሪበት ቤት ድረስ ይግባልሽ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ቅድመ አያታችን የተሸጠችበት የድሮው የባሪያ ገበያ ላይ ከተማው መታሰቢያ አቆመልሽ። ክፍት የብረት በር ነው፤ የበየድኩት ደግሞ እኔ ወንድምሽ ነኝ። እጄ ለምዶ መቀርቀሪያ ብገጥምበት መታሰቢያውን የነደፈችው ቀራጺ፣ «አንተ፣ ማንን ልትቆልፍበት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ፤ ቆርጬ ጣልኩት። በምረቃው ዕለት እማዬ እልል እያለች በበሩ ስትገባ ስትወጣ ዋለች። «በአያቴ ፈንታ ነው» ስትል ከንቲባው ሳይቀር ተከትሏት ገባ ወጣ አለ፤ ሕዝቡም በሳቅ ፈነዳ።

ባለፈው ስንደውል አሠሪሽ ስልኩን ይዛልሽ ትሰማ ስለነበር ይህን ሳላጫውትሽ ቀረሁ። እማዬ ፎቶ ላኪልኝ ትላለች። ሳሎን ውስጥ የተነሳሽው ቆንጆ ነው፤ የአሁኑን ግን ከግቢው ውጭ፣ መንገድ ላይ ቆመሽ ተነሺልን።

በር በሩን የሚያይ ወንድምሽ