እትዬ ልኬትና የጎደለው ጎን

ተማሪዎቻቸው «እትዬ ልኬት» የሚሏቸው፣ እኛም በቤት በዚሁ ስም የለመድናቸው መምህርት አክስታችን፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ፣ ከሴት ደግሞ ብቸኛ ነበሩ።

ብዙ ሰው ለሒሳብ የተፈጠሩ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ስምንተኛ ክፍልን በሒሳብ ወድቀው ደግመዋል። አባታቸው አልተቆጡም። ወደ መቁረጫ ጠረጴዛው ጠርተው አንድ ጨርቅ ከጥግ እስከ ጥግ አጠፉና፣ «ወርዱንና ቁመቱን አውቀዋለሁ፤ ይሄ በሰያፍ የሚሄደው ስንት እንደሆነ አንቺ ንገሪኝ» አሏቸው። በሜትር ለክተው ነገሯቸው። «አሁን ደግሞ ሳትለኪ» አሉ አባት። ይሄኛው ሳምንት ፈጀባቸው። ወርዱ በራሱ ተባዝቶ፣ ቁመቱም በራሱ ተባዝቶ ሲደመሩ፣ ሰያፉ በራሱ ሲባዛ ከሚሰጠው ጋር እኩል መሆኑ የገባቸው በዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ በክርና በቁርጥራጭ ጨርቅ መካከል ነው።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በሃያ ሁለት ዓመታቸው ሥራ ጀመሩ። ለሠላሳ አራት ዓመታት ያስተማሩትም ያንኑ የወደቁበትን ስምንተኛ ክፍል ነበር። የወደቀ ተማሪ ሲያለቅስ ካዩ፣ «እኔም ወድቄ ነበር፤ ይኸው አልሞትኩም» ይሉት ነበር።

ትዳራቸውን ያገኙት ከጣሪያ ላይ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ሊጠግኑ የመጡትን ወጣት አናጢ ከክፍላቸው በር ላይ ቆመው፣ «የዚያን ሰያፍ እንጨት ርዝመት እንዴት አወቁት?» ብለው ጠየቁ። አናጢው ከላይ ሆነው፣ «አስጠግቼ ነው የምቆርጠው። እርስዎስ?» አሉ። «እኔ እንጨት ስለሌለኝ አሰላዋለሁ።» «እንግዲያው እንጨቱን እኔ ላምጣ» አሉ አናጢው። በዓመቱ ተጋቡ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

አክስታችን አርባ አራት ዓመት ሲሆናቸው አናጢው ሥራ ላይ ሳሉ ወድቀው ወገባቸው ተጎዳ፤ መራመድም ቀረ። ከቤቱ በር እስከ መሬት ያለው ደረጃ ለዊልቸር አይመችምና ወራት ሙሉ ከጓዳ አልወጡም። ሰው ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። አክስታችን ችግሩን ይዘው ወደ ክፍላቸው ሄዱ። «በሩ ከመሬት ሃምሳ ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። ጣውላው መሬት የሚነካው ከበሩ ሥር መቶ ሃያ ሳንቲሜትር ርቆ ቢሆን፣ የጣውላው ርዝመት ስንት ይሆናል?» ተማሪዎቹ መቶ ሠላሳ አሉ፤ ልክም ነበሩ። ጣውላው ተቆርጦ ሲዘረጋ አናጢው በበሩ አሻግረው አዩትና ከወደቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ስሌቱስ እንከን የለውም። በዚህ ቁልቁለት ከወረድኩ ግን የምቆመው ጎረቤት ሳሎን ነው። በይ ሜትሬን አምጪልኝ።»

አናጢው ከበሩ እስከ አጥሩ ያለውን ስድስት ሜትር ሁሉ እንዲጠቀሙበት አዘዙ። ክፍሉ እንደገና አሰላ፤ ስድስት ሜትር ከሁለት ሳንቲሜትር ገደማ መጣ። «ከመሬቱ ሁለት ሳንቲሜትር ብቻ ነው የበለጠው፤ ተሳስተናል» አሉ ተማሪዎቹ። «አልተሳሳታችሁም። ዳገቱ ሲለዝብ ልዩነቱም ያንሳል» አሏቸው አክስታችን። አናጢው ያንን መውረጃ ከወንበራቸው ሆነው ሠራተኛ እያዘዙ አሠሩት። ባለቀ በማግስቱ ጎማቸውን በገዛ እጃቸው እየገፉ ክፍሉ በር ላይ ደረሱ፤ «አመሰግናለሁ ልጆቼ» አሉ። አክስታችን ፊታቸውን አዙረው ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ሲያጠፉ ቆዩ።

አናጢው ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመታት ያህል ደጃፋቸው ላይ ወንበርና ጠረጴዛ ሲሠሩ ኖረው ቀድመዋቸው አረፉ።

አክስታችን በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው በዚህ ወር ጠናባቸው። እንደሳቸው የሒሳብ መምህርት የሆነችው ታላቋ ልጃቸው ከአልጋቸው አልለይም ብትል፣ «ልጆቹ ፈተና አላቸው፤ ሂጂ ፈትኛቸው። እኔ የትም አልሄድም» ብለው ላኳት። ተመልሳ አጠገባቸው ተቀምጣ እያነበበችላቸው ማረም ጀመረች። የአንዲት ተማሪ ወረቀት ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። «ሁለቱን ጎኖች በየራሳቸው አባዝታ ደምራለች፤ መጨረሻው ላይ ግን ተሳስታለች፣ እማዬ።»

«መንገዱን ይዛለች» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ግማሹን ስጫት።»

ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ልጃቸው ግማሹን ነጥብ ሰጥታለች።

ከኋላቸው ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ አንድ ታላቅ ወንድምና ቁጥራቸውን እሳቸው ብቻ የሚያውቁትን ተማሪዎች ትተዋል። ማንንም በስሕተቱ ብቻ ያልመዘኑትን እኒህን እናት፣ ፈጣሪ በፍርዱ ሳይሆን በቸርነቱ ይቀበላቸው፤ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናን።