የ«ግቡ እንጂ» አዘጋጅ ዶን ፌርሚን ኦያርሶ ዕረፍትና የኬቹኮ ደሴት ሙዚየም ቁልፍ

ለጣቢያችን ሠራተኞች፣ በየደሴቱ ላላችሁ የሙዚየም ጠባቂዎችና ለተመልካቾቻችን በሙሉ፤

የሥራ ባልደረባችንና አስተማሪያችን ዶን ፌርሚን ኦያርሶ ማንሲያ ባደረባቸው የልብ ሕመም በካስትሮ ሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ ቅዳሜ ማርች 4 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ረፋዱ ላይ በስድሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። የደሴቶች ቴሌቪዥን ሠራተኞችና አመራር ይህን የምናሳውቀው ልባችን ተሰብሮ ነው። «ጥልቅ ሀዘን» የሚለው ቃል አልበቃን አለ፤ ሌላ ቃል ፈልገን ደግሞ አጣን።

ዶን ፌርሚን በ1958 በዋናው ምድር በታልካ ከተማ ተወለዱ። ወደ ካስትሮ የመጡት በ1989 ለሁለት ሳምንት የቀረጻ መብራት ሥራ ነበር። «ዝናቡ እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ቀረሁ» ይሉ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ጠበቁ። ይህን ቀልድ የፈጠሩት ራሳቸው ናቸው፤ እኛም ለእያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን እንደ ደንብ ስንነግረው ኖረናል።

በ2006 ተመልካችን ወደ ሙዚየሞች ውስጥ የሚያስገባውን «ግቡ እንጂ» የተሰኘ ዘጋቢ ዝግጅት መሠረቱ። ስሙ የወጣው ከአሠራራቸው ነው። ሙዚየሙ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ የፈቃድ ደብዳቤ በእጃቸው ቢኖርም እንኳ፣ የክፍሉ ጠባቂ ደጃፍ ላይ ወጥቶ «ግቡ እንጂ!» ካላለ ካሜራ ይዘው ደፉን አይሻገሩም ነበር። ከገቡም በኋላ የሚያናግሩት ዳይሬክተሩን ሳይሆን ክፍሉን በየቀኑ የሚጠርገውን ሰው ነበር። «ዳይሬክተሩ ዕቃው ስንት ዘመን እንደኖረ ይነግረኛል። ጠራጊዋ ግን ጣሪያው ሲያፈስ ዕቃውን ወዴት እንደምታሸሸው ትነግረኛለች» ይሉ ነበር።

በ2009 በአንድ ደብር ጓዳ የተሰበሰቡ የጀልባ ዕቃዎችን ሲቀርጹ፣ ጠባቂው ዶን ሴጉንዶ ባሪያንቶስ ስለ አንዲት የእንጨትና የድንጋይ መልሕቅ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ተናገሩ። ዶን ፌርሚን አንድም ቃል አላስቆረጡም። ከስርጭቱ በኋላ ብዙ ተመልካቾች ስልክ ደወሉ፤ የሁሉም ጥያቄ «ሰውየው ለምን አቆሙ?» የሚል ነበር።

በ2013 ዝግጅቱ ከደሴቶቹ ውጭ ተሸለመ። ዋንጫው ዛሬም የቢሮአችን በር እንዳይዘጋ ደግፎ ይዟል፤ እዚያ ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው።

የ2015ቱን ነገር በሀዘን መግለጫ ውስጥ መጻፍ የተለመደ አይደለም። ዝም ብለን ልናልፈውም አስበን ነበር። ቤተሰባቸው ግን «እሱ ቢሆን መጀመሪያ የሚጽፈው ይህንኑ ነው» ስላሉን እንጽፋለን።

በዚያ ዓመት በሜይ ወር ዶን ፌርሚን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኬቹኮ ደሴት ተሻገሩ። የደሴቲቱ ሙዚየም የድሮው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ነው። ጠባቂዋ ዶኛ ኦርፌሊና ቺጓይ የዚያን ቀን ለሕክምና ወደ አቻኦ ከተማ ሄደው ነበር። ዶን ፌርሚንን ወደ ካስትሮ የሚመልሰው ጀልባ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይነሳል። በሩን አንድ ጎረቤት ከፈተ፤ ዶን ፌርሚንም በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለአንድ ጊዜ ብቻ ያለ ጠባቂዋ ፈቃድ ገቡ። ከአሥራ አንዱ የመስታወት ሳጥኖች አራቱ ውስጥ ቅርስ አልነበረም። በአንዱ አሮጌ የጎማ ቦት ጫማ፣ በአንዱ የሱፍ ቆብ፣ በአንዱ የሻይ ስኒ፣ በአራተኛው የእጅ ሹራብ ተቀምጦ ነበር።

ሙዚየሙ ተዘርፏል ብለው ደመደሙ። «ቅርሱ ሄዷል፤ ደግነቱ ሌባው ቦት ጫማውን ትቶልናል» የሚለውን ትረካ ካስትሮ ውስጥ ሲያነቡ የአርትዖት ባለሙያችን ናታልዮ ቬራ «ዶን ፌርሚን፣ ዛሬ ገደሉን!» እያለ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን። ከሥሩ አስቂኝ ሙዚቃ የጨመርነው እኛ ነን። ስርጭቱ በዚያ ዓመት ከሁሉም ይበልጥ ብዙ ሰው ያየው ሆነ።

እውነቱ ሌላ ነበር። በኬቹኮ የሙዚየሙ ዕቃ አሁንም የባለቤቱ ነው። የፖም መጭመቂያው በፖም ወራት ይወጣል፤ የሽመና ዕቃው ብርድ ልብስ የሚሠራ ሰው ሲኖር ይወጣል። የወሰደው ሰው ጎረቤቶቹ ዕቃው የት እንዳለ እንዲያውቁ የራሱን አንድ ነገር በሳጥኑ ውስጥ ትቶ ይሄዳል። ቦት ጫማው የዶን ሮሳሜል ናዌልኪን ነበር፤ መጭመቂያውን የወሰዱት እሳቸው ነበሩ። ከስርጭቱ በኋላ አቻኦ ገበያ ላይ «ዶን ሮሳሜል፣ ዛሬ በሁለት እግርዎ ነው የመጡት ወይስ አንዱ ሙዚየም ነው?» የማይላቸው ሰው አልነበረም። ይህ እንኳ ቀልድ ነውና ያልፋል። ያላለፈው ሌላው ነው። ስርጭቱን ያዩ የቅርስ ጥበቃ ኃላፊዎች ከሦስት ሳምንት በኋላ በጀልባ መጡ፤ አራቱንም ዕቃዎች ከየቤቱ ሰበሰቡ፤ ሳጥኖቹን ሁሉ ቆልፈው አሸጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ዕቃ እንዳይወጣ ተከለከለ። ቁልፎቹ ወደ ዋናው ምድር ተወሰዱ።

በጃንዋሪ 2016 ከዶኛ ኦርፌሊና ደብዳቤ ደረሰን። ሁለት መስመር ነው። «ጌታዬ፣ እኛ ምንም አልጎደለብንም ነበር። ያጎደሉብን እርስዎ ነዎት።» ዶን ፌርሚን በማግስቱ ጀልባ ተሳፈሩ።

ዶኛ ኦርፌሊና በሩን ከፈቱ እንጂ ግቡ አላሉም። ዝናብ ይዘንብ ነበር። የካሜራ ባለሙያችን ሶሌዳድ ፓሬዴስ መሣሪያውን በሽፋኑ ውስጥ እንዳለ ሳታጠፋው ስለቀረች፣ የተነጋገሩት በማኅደራችን አለ። በቤተሰቡና በዶኛ ኦርፌሊና ፈቃድ እንዳለ እናቀርበዋለን፦

«ዶን ፌርሚን! ሌባ ፍለጋ ነው የመጡት? ዛሬ እንኳ አለሁ፤ ይኸው፣ ያዙኝ።»

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት፣ ዶኛ ኦርፌሊና።»

«የት ነው የሚጠይቁኝ? ስድቡን አገር ሁሉ ሰምቶ ይቅርታውን ለእኔ ብቻ በጆሮዬ?»

«በቴሌቪዥን እጠይቃለሁ።»

«ሰው ሁሉ ማሳው ውስጥ ባለበት ሰዓት ነዋ!»

«በዚያው ሰዓት። እሑድ፣ ከምሳ በኋላ። ሙሉውን ዝግጅት።»

«ማሉ?»

«ማልሁ።»

«በል እንግዲህ ግባ፤ ምን እንደ ረጠበ ዶሮ ትቆማለህ። የድንች ቂጣው ሚልካኦም ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛ ድንች አልወድም። ካሜራዋ ግን እዚያው ትቅር፤ እሷን ገና አልታረቅኳትም።»

ዶን ፌርሚን ቃላቸውን ጠበቁ። የሃያ ስድስት ደቂቃ ማረሚያ ሠርተው አመጡ። ቃሉን ያፈረስነው እኛ ነን። የዚያን ጊዜው የጣቢያው አመራር «ራሳችንን በራሳችን አናዋርድም» ብሎ ከዜና በኋላ የአርባ ሴኮንድ ማስተካከያ ብቻ አስተላለፈ። ዶኛ ኦርፌሊና ስልክ ደውለው «አርባ ሴኮንድ! አንድ ድንች ልጬ አልጨረስኩም እኮ!» አሉ። ዶን ፌርሚን ወቀሳውን ተቀበሉ። ማንንም አልወቀሱም። «አመራሩ ከለከለኝ» ማለት ይችሉ ነበር፤ አላሉም።

ከ2016 እስከ 2022 በየዓመቱ የዕረፍት ጊዜያቸውን በኬቹኮ አሳለፉ። ዕቃዎቹ የት የት ይሄዱ እንደነበር፣ ማን ምን ትቶ ይወስድ እንደነበር፣ ስንት ዘመን እንዲህ እንደተኖረ ከሽማግሌዎቹ አፍ ቀረጹ። በእነዚያ ቀረጻዎች ውስጥ ስለ መስኮትና ስለ ብርሃን የሚጨነቀው የቀድሞው የመብራት ባለሙያ የለም፤ የሚሰማ ሰው ብቻ አለ።

በሳጥን ተቆልፎ የቀረው የዶኛ ኦርፌሊና የሽመና ዕቃ ከእናታቸው የወረሱት ነው። ዛሬ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ጣቶቻቸው መታጠፍ እያቃታቸው ነው። ሁለት የደሴቲቱ ልጃገረዶች ሊማሩ ተዘጋጅተው በመስታወት በኩል እያዩ ስምንተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ኃላፊዎቹ «አዲስ ያሠሩ» ባሏቸው ጊዜ የመለሱት ቃል በዶን ፌርሚን ቀረጻ ውስጥ አለ፦ «አዲስማ ይሠራል። ማጉን የምመታበት እንጨት ግን የእናቴ እጅ ባረፈበት ተቦርቡሯል፤ እኔም እጄን እዚያው ነው የማሳርፈው። ለልጆቹ የማሳያቸው እሱን ነው። አዲሱ ላይ ምኑን ላሳያቸው?»

በኖቬምበር 2022 ነዋሪዎቹ ሳጥኖቹ እንዲከፈቱና የቀድሞው ልማድ እንዲመለስ ለቅርስ ጉባኤው አቤቱታ አስገቡ። ዋና ምስክር ሆነው የተጠሩት ዶን ፌርሚን ነበሩ። አቤቱታው የሚሰማበት ቀጠሮ ዓርብ ማርች 17 ነው። ዐሥራ ሦስት ቀን ሲቀረው አረፉ።

በሆስፒታል በነበሩበት ሳምንት ናታልዮን «ስሞት መግለጫ ታወጣላችሁ አይደል? ከአርባ ሴኮንድ እንዳይበልጥ!» ብለውት ነበር። ናታልዮ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። «አይ ዶን ፌርሚን፣ ይሄንንስ አንቆርጠውም» አላቸው። እሳቸውም «እኔን ተወኝ። የዶኛ ኦርፌሊናን እንዳትቆርጡ» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራ አልተናገሩም።

ስለዚህ ጣቢያችን የሚከተለውን ያሳውቃል። እሑድ ማርች 12 ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በዚያው በ2015ቱ ሰዓት፣ የሃያ ስድስት ደቂቃው ማረሚያ ምንም ሳይቆረጥ ይተላለፋል። ሰባት ዓመት ዘግይቷል። የዛሬው አመራር የቀድሞውን ውሳኔ በራሱ ስም ይቀበላል፤ «እኛ አልነበርንም» አይልም። የኬቹኮ ቀረጻዎች በሙሉ ለደሴቲቱ ነዋሪዎች ይሰጣሉ። ዝግጅቱ ይቀጥላል፤ ማንም ሠራተኛ ያለ ጠባቂው ቃል ደፍ እንዳይሻገር በጽሑፍ ታዟል። ይህን ስንጽፍ ትንሽ ተስፋ ይሰማናል፤ ተስፋው ራሱ ግን ያስለቅሰናል፣ የሚሰሙት ሰው የሉምና።

ለባለቤታቸው ለዶኛ ኖኤሚ ካርካሞ፣ ለልጃቸው ለአይሌን፣ በታልካ ላሉ እኅቶቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ቅዳሜና እሑዳችሁን ለሙዚየም አሳልፋችሁ ሰጥታችሁ ኖራችኋል፤ እናመሰግናለን፣ ይቅርታም እንጠይቃለን። በ«ግቡ እንጂ» አብረዋቸው ለደከሙት ባልደረቦች፣ በተለይም ለሶሌዳድና ለናታልዮ፣ ብርታት ይስጣችሁ። የዘጠኝ ቀኑ ጸሎት እስከ ማርች 12 በቤታቸው ይቀጥላል፤ ከደሴቶቹ ለምትመጡ በጣቢያው አዳራሽ ማረፊያ ተዘጋጅቷል።

ለዶን ሮሳሜልና ለኬቹኮ ነዋሪዎች፣ ከሁሉም በላይ ለዶኛ ኦርፌሊና ቺጓይ፦ የእናንተ ሀዘን ከእኛ እንደማያንስ በቀብሩ ላይ አይተናል። ምስክራችሁን አጥታችኋል። የሟች ቃል በቀረጻ ቢኖርም በአካል የሚያስረዳ ሰው ካልቀረበ አይያዝም ተብሎ ተነግሮናል።

ዓርብ ማርች 17 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የጣቢያው በር ይዘጋል፤ ሁላችንም ወደ ጉባኤው አዳራሽ እንሄዳለን። ለዶን ፌርሚን በተላከው መጥሪያ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ ተጽፏል፦ «ሙዚየሙ ተዘርፏል ብሎ የተናገረው ማን ነው?» ይህን ጥያቄ ብቻቸውን ቆመው ሊመልሱ ተዘጋጅተው ነበር። ጥያቄው ሲነበብ ሥራ አስኪያጁ፣ አርታዒው፣ ካሜራ ያነሳችው፣ ሙዚቃውን የጨመረው፣ በዚያ ክፍል ውስጥ የሳቅን ሁላችን ከወንበራችን እንነሳለን።

የደሴቶች ቴሌቪዥን ሠራተኞችና አመራር
ካስትሮ፣ ማርች 7 ቀን 2023