ነገ እንድወጣ የተፈቀደልኝ ምሳ ላይ

ቅዳሜ፣ ጥር 2 ቀን 1990

ጸሐይዬ፣ የዛሬን ብቻ እመኚኝ! ሁለቴ እሁድ እመጣለሁ ብዬሽ ቀርቻለሁ፣ ይሄኛው ግን እውነት ነው። እዚህ ዓረብ አገር አንቺ ባዳሮ ሰፈር፣ እኔ ሲን ኤል ፊል ሰፈር ተቆልፎብኝ፣ እስክትሰሚኝ እዚህ ደብተሬ ላይ ልጻፈው።

የማዳሜ እህት ከፈረንሳይ መጥታለች። ምሳ ላይ፣ የአውሮፓ አገሮች ተሰብስበው ስለ ሥራ እየተነጋገሩ ነው አለች። ሥራ ያጣው ሰው ስለበዛ፣ የሚሠራው ሰዓቱ ይቀነስለትና የተረፈውን ሌላው ይሥራው ነው የሚሉት፤ ያኒ፣ ማለትም አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይቀጠራል። ማዳሜ ደግሞ "ልክ ነው፣ ሰው ማረፍ አለበት!" አትልም? እኔ የታቡሌ ሰላጣውን ይዤ ቆሜያለሁ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ "እኔስ ማዳም?" አልኳት።

በቃ፣ ወዳመጣኝ መክተብ፣ ወደ ኤጀንሲው ትመልሰኛለች ብዬ ወደ ኋላዬ አፈገፈግኩ። እህትየዋ ሳቀችና "እውነቷን ነው፣ ይቺ ልጅ መቼ ነው የምታርፈው?" አለቻት። ማዳሜ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። "ነገ! ነገ ትወጣለች፣ ኸላስ፣ አለቀ!" አለች።

ወጥ ቤት ሮጬ ገብቼ ፎጣ አፌ ላይ አድርጌ እልል አልኩ! ነገ ባሕር ዳሩን፣ ራውሼን፣ የማዳሜን ውሻ ሳልጎትት እሄድበታለሁ!

ግን እህትየዋ ማታ ትሄዳለች። እሷ ከሌለች ማዳሜ ቃሏን ታጥፋለች ብዬ ፈራሁ። ስልኩ እንደምታውቂው ተቆልፏል፣ መቀበል እንጂ መደወል አልችልም። ለጎረቤት ልጅ በበረንዳ ይህንኑ ነግሬያታለሁ፣ ደውላ ትነግርሻለች። ደውለሽ፣ እንግዳዋ እየሰማች ማዳሜን "ነገ ስንት ሰዓት ልውሰዳት?" በያት፤ እህቷ ፊት ቃሏን ማጠፍ ታፍራለች። ጸሐይዬ፣ በናትሽ፣ ሳይመሽ ደውይልኝ!